ከለስላሳው ስፖንጅ ጀምር

አንድ መኪና የተሰጠው መምህር ነበረ።

ይህን ብለው የጀመሩት ጋሽ ምንዳዬ ናቸው። ጋሽ ምንዳዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ የሠፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ለጥያቄ ቶሎ መልስ መስጠት አይሆንላቸውም። የጠየቃቸው ደግሞ ጎረቤታቸው ዘርይሁን ነበር። የስምንት ዓመት ልጁ የፈተና ወረቀቷን ፍራሽ ሥር ደብቃ «ገና አልታረመም» ብላ ዋሸችው። ደሙ ፈልቶ መጣና፣ «ጋሼ፣ ምን ባደርጋት ይሻላል? ጠበቅ ያለ ነገር ይንገሩኝ። ዛሬ አንድ ጊዜ ካላቀመስኳት ነገ አትመለስም» አላቸው።

«ስለ ልጅ ጠይቄያቸው ስለ መኪና ያወሩልኛል ብለህ እንዳትስቅብኝ» አሉት። «እኔ መኪና የለኝም፤ ባጃጅ ላይ ስወጣም ወገቤ ይንቋቋል። ነገሩ ግን አንድ ነው። ቁጭ በልና ስማ።» እንዲህም እያሉ ቀጠሉ።

መምህሩ አቧራ በማያጣት አንዲት ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሮ ጡረታ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን እንደ ዘመኑ መምህራን ሁሉ በአርጩሜ የሚያምን ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጠመኔና አርጩሜ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅበት እሱም አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ታዲያ አንድ ቀን ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዲቱ፣ ዛሬ ትልቅ ሱቅ ያላት ሴት፣ ሰውየው የዳቦ ፌስታሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ባጃጅ ሲጋፋ አየችው። አላስቻላትም። አብረዋት የተማሩትን ጠራርታ፣ «ፊደል ያስቆጠረን ሰው በዚህ ዕድሜው ሲንገላታ እያየን ዝም ካልን ምኑን ተማርነው?» አለቻቸው። ከመካከላቸው ሐኪም የሆነ ነበረ፤ የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነ ነበረ። አዋጡና አሮጌ ሆና ሞተሯ ግን ጤነኛ የሆነች መኪና ገዙለት።

ከእነሱ አንዱ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። እሱ የሚያዋጣው ስላልነበረው «እኔ ጉልበቴን አዋጣለሁ» አለ። መኪናዋን ጋራዡ አስገብቶ ዝገቷን ፈቀፈቀ፤ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞላ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ሥራ አልነካም። ቀለሙንም ተደባልቆ ያለቀለት አልገዛም። በልጅነታቸው ይለብሱት የነበረው የትምህርት ቤቱ ሹራብ ጥልቅ ሰማያዊ ነበርና፣ ያው ራሱ እስኪመጣለት ድረስ ደጋግሞ ደባለቀ። ጓደኞቹ ሊያዩ በመጡ ጊዜ ገና ከበሩ ላይ ሳቁ፤ ከመካከላቸው ያለቀሰም ነበረ።

መምህሩ ቁልፉን ሲቀበል ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያቀፈ ሳመ። ቀለም ቀቢው ዘንድ ሲደርስ ግን ዓይኑን ሰበረ፤ ከዚያ ክፍል ልጆች ሁሉ አብዝቶ የገረፈው እሱን ነበር። ሌላውን ቢረሳ ያንን አልረሳም። ቀቢው ግን ምንም እንዳልነበረ ጉንጩን ስሞ «በደህና ይንዷት ጋሼ» አለው። ያች ቀን ለመምህሩ ከባድም ጣፋጭም ነበረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አወጣ። በየማለዳው ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ወጥቶ መኪናዋን ይወለውላል። አቧራው ሌሊቱን ሲያርፍባት ያድራል፤ እሱም አሮጌ ካናቴራውን ይዞ በደረቁ ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ ይጠርጋታል። ውኃ በፈረቃ በምትመጣበት ከተማ መኪና በየቀኑ አይታጠብም። ጎረቤት ሲያልፍ «ዛሬም ነው ጋሼ?» ይለዋል። «የልጆቼ ስጦታ ናት» ይላል ቀና ብሎ። እየወለወለም በልቡ እያንዳንዳቸውን በስም እየጠራ ያመሰግናቸዋል፤ ኮፈኑ ላይ ባለ ሱቋን፣ በሩ ላይ ሹፌሩን፣ ጣራው ላይ ሐኪሙን። ቀቢውን የሚያመሰግነው በመጨረሻ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት።

ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተማሪዎቹ «በመጪው እሑድ እርስዎ ቤት ተሰብስበን ምሳ እንበላለን» ብለው ላኩበት። መምህሩ ደስ ብሎት፣ መኪናዋን የት እንደሚያቆምላቸው ሊያይ በቀትር ወጣ። ማለዳ በጥላ እንጂ በቀትር ፀሐይ አስተውሎ አይቷት አያውቅም ነበር። ጠጋ ብሎ ሲያይ ክው አለ። መኪናዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፀጉር በሚያህሉ ክብ ክብ ጭረቶች ተሞልታለች፤ የሸረሪት ድር ያለበሷት ትመስላለች። ያ ጥልቅ ሰማያዊ ደብዝዟል።

መጀመሪያ የጎረቤትን ድመት ጠረጠረ። ቀጥሎ መንገድ ላይ ኳስ የሚራገጡትን ልጆች ጠረጠረ። በየቀኑ ከሚያልፉት ባጃጆችም አንዱን ሳይጠረጥር አልቀረም። እጁ ላይ ያለውን ካናቴራ ግን አልጠረጠረም። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ። እሑድ ይመጣሉ፤ ያ ሰው ዐሥራ ሁለት ቀን የለፋበትን እንዲህ ሆኖ ያየዋል። በልጅነቱ የገረፍኩት ሳያንስ አሁን ደግሞ ስጦታውን አበላሸሁበት፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ አይደለም ወይ እያለ ተገላበጠ።

በማግሥቱ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄደ። ሻጯ ሥራዋን የምታውቅ፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ጭረቱን ሲነግራት ሁለት የመወልወያ ማሽን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ሲዞር ደግሞ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚንቀጠቀጥ ነው፤ እጅ ላይ ይቀላል። ሁለተኛው በአንድ ቦታ በኃይል የሚሽከረከር ነው፤ ላየው ሰው ብረት የሚቆረጥበት ግራይንደር ይመስላል። በማሽኖቹ ፊት ላይ የሚገጠመውንም ደረደረችለት። ጥቁርና ለስላሳ ስፖንጅ ነበረ፤ ከእሱ ጠንከር የሚል ብርቱካናማ ስፖንጅ ነበረ፤ ከሁሉ በላይ የሚፍቀው ደግሞ ከበግ ፀጉር የተሠራው ነበር።

«ለቤት ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ይበቃዎታል አባቴ» አለችው። «እሱ ሰው ቢሳሳትም ይታገሣል። መጀመሪያ መኪናዋን በደንብ ይጠቧት። ከዚያ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ለስላሳውን ስፖንጅ በለስላሳው ፖሊሽ ይሞክሩ። ጭረቱ ከለቀቀ በቃ፣ ከእሱ አይለፉ። እምቢ ካለ ብቻ ወደሚቀጥለው ይሂዱ።»

«ጭረቱ እኮ ብዙ ነው ልጄ። ከሁለቱ የሚበረታው የትኛው ነው?»

«የሚበረታውማ ያኛው ነው። ግን ይስሙኝ፤ ማሽን ጭረት አይሞላም። በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ነው እየፋቀ የሚያስተካክለው። የወሰደውን ደግሞ አይመልስም። በተለይ ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ ስስ ስለሆነ...»

ክሊር የምትለው ከቀለሙ በላይ የሚነፋውን፣ መኪናን የሚያበራውን ስስ ሽፋን ነው። ሴትዮዋ ከዚህ በላይ ልትነግረው ፈልጋ ነበር። መምህሩ ግን ከንግግሯ ሁሉ «የሚበረታው ያኛው ነው» የምትለዋን ይዞ ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብርቱ ነገር ሥራ ያፋጥናል ብሎ ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው በአንድ ቀን ለስላሳ አይመርጥም። የሚሽከረከረውን ማሽንና የበግ ፀጉሩን አስጠቅልሎ ሄደ። ስፖንጆቹ ልጆች ዕቃ የሚያጥቡበት ነገር መሰሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያ የነካው በሩን ነው፤ እሱም አማረለት። ጭረቱ ጠፋ፤ ሰማያዊው ብቅ አለ። መምህሩ ማሽኑን አጥፍቶ «አላልኩም?» አለ፤ ማንም ግን የተከራከረው አልነበረም። በሩ ቀጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ታግሦት እንጂ ማሽኑ ስለራራለት እንዳልሆነ አላወቀም። ደረቱን ነፍቶ ወደ ኮፈኑ አለፈ።

ኮፈኑ ግራና ቀኙ ላይ ብድግ ብሎ የሚወርድ ጠርዝ አለው። እዚያ ላይ አንዲት እምቢተኛ ጭረት ቀረች። መምህሩ ተጫናት፤ አልለቀቀችም። ድሮ መልስ የጠፋውን ልጅ እንደሚጫነው አድርጎ በሙሉ ክብደቱ ተጫናት። ማሽኑ ጮኸ፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ብድግ ሲያደርገው ጭረቷ ጠፍታለች። ሰማያዊውም አብሯት ጠፍቷል። በቦታው መዳፍ የሚያህል ግራጫ፣ ከቀለም ሥር የሚቀባው መሠረት፣ አፍጥጦ ወጣ።

መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ የማሽኑን ዝም ማለት ሰምታ ብትወጣ ባየችው ነገር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቆዳዋን ገፈፍካት እኮ፣ ሰውዬ!»

«ዝም በይ እስኪ። ዛሬውኑ አንዱ ጋራዥ ወስጄ አስቀባታለሁ። ነገ ሲመጡ ማንም አያውቅም።»

«የቱ ጋራዥ ነው ያንን ቀለም የሚያውቀው? ልጁ ራሱ አይደለም እንዴ የደባለቀው? ሌላ ሰማያዊ ብታስለጥፍባት ከሩቅ ያውቀዋል፤ ያኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታፍራለህ። ተነሥና ለሠራት ሰው ንገረው። ቢቆጣህም ይገባሃል።» ሴትዮዋ ቁጡ ናት፤ እውነት ስትናገር ግን አትስትም።

ኮፈኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ በገመድ አሠረና ወደ ጋራዡ መንዳት ጀመረ። በመንገዱ ላይ ያየው ሁሉ «ጋሼ፣ መኪናዋን በረዳት እንዴ?» እያለ ሳቀበት። እሱ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። ያ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ከሰሌዳ የሚገለብጠው ሁሉ የተሳሳተ ነበር። ቤት ተብሎ የተጻፈውን ሌላ ነገር አድርጎ ይጽፈዋል። መምህሩም «ልብህ የት ነው?» እያለ መዳፉን ያስዘረጋዋል። ልጁ አያለቅስም ነበር፤ አለማልቀሱ ደግሞ መምህሩን የባሰ ያናድደው ነበር። ያቺ ትንሽ የተዘረጋች መዳፍ እስከ ጋራዡ በር ድረስ ከዓይኑ አልጠፋችም።

ቀቢው ደጃፉ ላይ ቀለም ያጣራ ነበር። መምህሩ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ገመዱን ፈታና ብርድ ልብሱን ገለጠው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ቁጣውን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። እንዲያውም ቢሰድበው በቀለለው ነበር።

ቀቢው ጎንበስ ብሎ የተገፈፈውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ቀና ብሎም «እጅዎን አልመታዎትም?» አለ።

«ምኑ?»

«ማሽኑ። ይሄ ዓይነቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይወራጫል። እኔ ገና ሥራ ስጀምር የሰው መኪና ላይ እንዲህ አድርጌ ጣቴንም ቀጥቅጦኛል።»

«እጄ ደህና ነው» አለ መምህሩ። ድምፁ ግን ደህና አልነበረም።

ቀቢው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀውም። ባልዲ አምጥቶ ኮፈኑን በውኃ አጠበ፤ አደረቀ። ከዚያ በሌላው ጎን፣ ማሽኑ ባልደረሰበትና ጭረቱ እንዳለ ባለበት ቦታ ላይ፣ ጥቁሩን ለስላሳ ስፖንጅ በእጁ ይዞ ጥቂት ፖሊሽ ጠብ አደረገበትና ቀስ እያለ ያሽ ጀመር። ማሽን አላነሣም። መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ብዙም ሳይቆይ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ጠፉና ያ የሹራቡ ሰማያዊ ከሥራቸው ወጣ።

«የሚፈልገው ይሄንን ብቻ ነበር ጋሼ» አለ ቀቢው። «ጭረቱ ከላይ ከላይ ነው። በደረቅ ጨርቅ ይጠርጓት ነበር መሰለኝ።»

«በየማለዳው» አለ መምህሩ። «አንድም ቀን አላጎደልኩም።»

«አቧራው አሸዋ ነዋ፤ በደረቁ ሲያሹት ይፍቃል። ውኃ ከሌለ ይተዉት፤ አቧራ ላይዋ ላይ ቢያድር ምንም አይላትም።»

መምህሩ ይህን ሲሰማ የሚገባበት ጠፋው። ድመቷም፣ ልጆቹም፣ ባጃጁም ንጹሕ ነበሩ። እያመሰገነ የጫራት እሱ ራሱ ነበር። ከዚያ በላይ መቻል አቃተውና «ለምን አትቆጣኝም?» አለው። «ዐሥራ ሁለት ቀን የለፋህበት ነው። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ።»

ቀቢው ስፖንጁን አስቀመጠ። አፈር እያለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው።

«አልዋሽዎትም ጋሼ፤ ብዙ መትተውኛል። መዳፌ እንዴት ያቃጥለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ስለምን እንደተመታሁ ግን አንዱንም አላስታውስም። አንድ ቀን ግን አርጩሜውን ይዘው መጥተው ቆሙ። ምን እንደታየዎት እንጃ፤ ከጀርባዬ በርከክ አሉና ራስዎን ከራሴ ጎን አድርገው ሰሌዳውን አዩ። ‹ያ ምን ይላል?› አሉኝ። ‹አይታየኝም› አልኩዎት። እስከዚያች ቀን እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ምንም አላሉኝም፤ እኔንም ደብተሬንም ይዘው ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ከዚያ በኋላ ማንበብ ቻልኩ። ዛሬ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ቀለም የምደባልቀው በዚያች ቀን ምክንያት ነው። መኪናዋን የሠራሁልዎትም ለዚያች ቀን ብዬ ነው። ይሄ ጠርዝ ምንም አይደለም፤ ደግሜ እቀባዋለሁ።»

መምህሩ ያንን ቀን ረስቶት ነበር። መምታቱን ሁሉ ያስታውሳል፤ አንድ ጊዜ መጠየቁን ግን ረስቶታል። በርከክ ማለት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አርጩሜ ከማንሣት አይበልጥም። ለምን በመጀመሪያው ቀን አላደረግኩትም ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከዚያም የቀቢውን እጅ፣ ቀለም የለበሰውን፣ ያዘና መዳፉን ገልብጦ ሳመው።

እንግዲህ ታናሽ የታላቁን እጅ ይስማል እንጂ ታላቅ የታናሹን አይስምም። ቀቢው ደነገጠ። «ኧረ በስማም! ኧረ ነውር ነው ጋሼ!» እያለ ሊያስለቅቅ ታገለ። መምህሩ አልለቀቀም። ግራውን ስሞ ቀኙን ሳመ። «ይቅር በለኝ ልጄ» አለው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያኔ ሳላውቅ አንድ ጊዜ በለስላሳ ብይዝህ ይሄን ሁሉ መለስክልኝ። ዛሬ ደግሞ አንተ አውቀህ በለስላሳ ያዝከኝ።»

ቀለም በአንድ ሌሊት አይጠነክርምና እሑድ መኪናዋ ከነግራጫ ጠርዟ ቆመች። ቀቢው «ለማንም አይንገሩ፤ እኔ ላስተካክላት ፍቄ ያቆየኋት ነው እላለሁ» ብሎት ነበር። መምህሩ ግን ተማሪዎቹ ገና ግቢ እንደገቡ ኮፈኑ ዘንድ ወሰዳቸውና ያደረገውን ሁሉ፣ ሱቁንም፣ ማሽኑንም፣ መዳፍ መሳሙንም ሳያስቀር ተናገረ። ከዚያ ሐኪሙ ጎልማሳ መዳፉን ዘረጋና «እኛስ ጋሼ? እኔን የማባዛት ሠንጠረዥ ላይ ገርፈውኛል» አለ። ሹፌሩም ዘረጋ፤ ባለ ሱቋም ዘረጋች። ግቢው በሳቅ ሞላ። መምህሩ ግን አልሳቀም፤ በየተራ የሁሉንም መዳፍ ሳመ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። በዚያ ቀን የተበላው ምሳ እንባ የገባበት ነበር ይባላል፤ ሆኖም ማንም ሳይጠግብ አልተነሣም።

ሰኞ ቀቢው ጠርዙን ቀባው። ማሽኑን ደግሞ መምህሩ ወደ ሱቅ መልሶ በሚንቀጠቀጠው ቀየረውና ጥቁሩን ስፖንጅ ጨምሮ ወሰደ። ሻጯ «ነግሬዎት ነበር» ልትል ትችል ነበር። አላለችም፤ «እንኳን መጡ አባቴ» አለችው። እሷንም አመሰገነ። በዚያ ሳምንት ያላመሰገነው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ምንዳዬ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ዘርይሁን ዞሩ።

«እንግዲህ አንተ ዛሬ ወደኔ መጥተህ የጠየቅከኝ ምን ነበር? እንደዚያ መምህር ‹የሚበረታው የትኛው ነው?› ነው ያልከኝ። ውሸቷ ጭረቱ ነው፤ መኪናዋ ልጅህ ናት። ቅጣት ጥፋትን አይሞላም ዘርይሁን፤ በዙሪያው ያለውን እየፋቀ ነው የሚያስተካክለው። ከልጅ ላይ የሚፋቀው ደግሞ አንተን ማመኗ ነው፤ እሱ ስስ ነው። ለምን እንደደበቀችው አውቀሃል?»

«አልጠየቅኳትም» አለ ዘርይሁን።

«እኔም አላውቅም። ምናልባት አጥፍታ ነው፤ ምናልባት ፈርታህ ነው። ፈርታህ ከሆነ ደግሞ ጭረቱን ያመጣው የማን ካናቴራ እንደሆነ አስብ።»

«እኔ እኮ ስለምወዳት ነው ጋሼ።»

«መምህሩስ? በየማለዳው በደረቁ ይጠርጋት የነበረው ስለሚወዳት አይደለም? ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ። ወረቀቱን አብራችሁ እዩት። ጠይቃት፤ ስትመልስ ዝም ብለህ ስማት። በዚያ ከለቀቀ፣ በቃ፣ ከእሱ አትለፍ። እምቢ ካለ ነገ ትንሽ ጠንከር ትላለህ፤ ማንም አይከለክልህም። ከለስላሳው የጀመረ ሰው ወደ ጠንካራው መሄጃ አያጣም። ከበግ ፀጉሩ የጀመረ ግን ገፍፎ ሲያበቃ ስፖንጁን ምን ላይ ያሸዋል?»

ዘርይሁን ሲመጣ የነበረው ቁጣ ከፊቱ ላይ አልነበረም። ተነሥቶ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ሊሄድ ሲል ጋሽ ምንዳዬ ክንዱን ያዙት።

«አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ» አሉት። «መኪናዋስ ዕድለኛ ናት፤ ቀለሟን የደባለቀው ሰው እዚያው ከተማ ውስጥ ተገኘላት። የልጅህን ቀለም የደባለቀው ግን አንድ እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ደግሞ ጋራዥ የለውም።»